ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ብረት ለገባለት ሰው እቤት በረዶ እንዴት ይደረግለታል?

የደምበጫዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ታናሽ ወንድሜ የ34 ዓመት ሰው ነው። በቅሎ ጥላው ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ ማርቆስ ላይ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረትና ብሎን ገብቶለታል። ትናንት ወጥቶ አሁን ከእኛ ጋር ነው፤ የምንኖረው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነው። ከጉልበቱ በታች እስከ ጣቶቹ ሥር ከኋላው ጀሶ ተደርጎ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቹ ይታያሉ። ሲወጣ «እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በረዶም አድርጉለት» ተብለናል። ስንት ደቂቃ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በጀሶው ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ የሚለውን ግን በደንብ አልያዝነውም።

ፍሪጅ አለን፤ መብራቱ ግን አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋል። እናታችን ደግሞ «የተሰበረ አጥንት ውስጥ ብርድ ከገባ ዕድሜ ልኩን ቁርጥማት ሆኖ ይቀራል» እያለች በረዶውን አታስነካም፤ የሰፈሩ ወጌሻ መጥቶ በቅቤ እንዲያሸው ነው የምትፈልገው። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታስረዱኝ።

ፊዚዮ_ማርቆስ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እናስተካክል። እብጠቱን የሚያወርደው በዋናነት እግሩን ከፍ ማድረግ ነው። በረዶው የሚያስታግሰው ሕመሙን ነው። ቤተሰቡ በረዶ ፍለጋ ሲባክን ይውልና የታማሚው እግር ከአልጋ ተንጠልጥሎ ያመሻል፤ እንዲያ ከሆነ በረዶው ብቻውን እብጠቱን አይችለውም።

ስለዚህ ከእግሩ ጀምሩ። በጀርባው ይተኛ፤ ተረከዙ ከደረቱ ከፍታ በላይ ይዋል። አንድ ትራስ አይበቃም። ሁለት ጋቢ አጥፋችሁ ከጉልበቱ ሥር እስከ ባቱ መጨረሻ ድረስ ደግፉት፤ ተረከዙ ራሱ ግን አየር ላይ ይሁን። ተረከዝ በጀሶ ውስጥ ሆኖ ቀን ከሌት ከተጫነ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉም የሚታወቀው ጀሶው ሲፈታ ነው። ትራሱ ሌሊት እየተንሸራተተ ካስቸገረ የአልጋውን የእግርጌ ቋሚዎች ጡብ ላይ አውጧቸው፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን እንዲህ ይዋል። ለሽንትና ለምግብ መነሳት ይችላል፤ በክራንች፣ ያንን እግር ሳያስረግጥ።

አሁን ወደ በረዶው። በጀሶና በወፍራም ፋሻ ላይ የተደረገ በረዶ ቅዝቃዜው ወደ ቆዳው የሚደርሰው በጣም ዘግይቶና ተዳክሞ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥጥ ይከለክለዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጠብታው ነው። ጀሶ ከረጠበ ይላላል፣ ፋሻው ከረጠበ ቁስሉ ይመረቅዛል። ስለዚህ የቁርጭምጭሚት ኦፕራሲዮን በጀሶ ሲሸፈን በረዶው ከጉልበት በስተኋላ፣ ሲታጠፍ ጎድጎድ በሚለው ቦታ ላይ ይደረጋል። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር በዚያ በኩል ያልፋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ያህል በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ውቀጡት፤ አተር አተር ሲያክል በፌስታል አድርጉና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩበት፣ አየሩን ጨምቃችሁ አውጥታችሁ ቋጥሩት። በሌላ ፌስታል ደግማችሁ ሸፍኑት። ውሃው የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃና በረዶ አብሮ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ በታች አይወርድም፣ ከእግሩም ቅርጽ ጋር ይለጠፋል። ከቆዳው ጋር በቀጥታ አይነካካ፤ በመካከሉ አንድ እጥፍ ስስ ጨርቅ፣ ያረጀ ነጠላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ረጠብ አድርጋችሁ ጨምቃችሁ አስገቡ። ደረቅ ወፍራም ፎጣ ቅዝቃዜውን ይዘጋዋል። እግሩ ደግሞ በረዶው ላይ ክብደቱን አይጣል፤ ባቱን ጋቢው ይሸከም፣ ከረጢቱ ጉድጓዱን ብቻ ይሙላ።

15 ደቂቃ። ቢበዛ 20። ከዚያ አንሱት፤ ቆዳው በእጅ ሲዳሰስ ሙቀቱ እስኪመለስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ነቅቶ ባለበት ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት። ከዚያ በኋላ ሕመም ሲኖር ብቻ። በረዶ እንደታሰረበት እንቅልፍ እንዳይወስደው፤ ሰዓት ሞልታችሁ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ።

አንድ ቦታ ተጠንቀቁ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ቅልጥሙ አናት ላይ ጎላ ብሎ የሚታይ አጥንት አለ፤ እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ እዚያ ላይ ከቆዳው ሥር በጣም ቀርቦ ያልፋል። በረዶ እዚያ ላይ ከቆየ ወይም ጠበቅ ብሎ ከታሰረ ነርቩ ይጎዳና መርገጫው ይወድቃል፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ከረጢቱ መሃል ላይ ይሁን።

የቢቸናዋ_ነርስ

የፊዚዮው አባባል ላይ የመብራቱን ነገር ልጨምርልሽ።

መብራት በመጣ ቀን የግማሽ ሊትር ሃይላንዶችን ውሃ ሞልታችሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ ደርድሩ። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል፤ ሦስት ወይም አራት ጣት ክፍት ተዉለት። በረዶ ቤቱ ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላ መብራት ቢጠፋም በሩ ካልተከፈተ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ባዶ ከሆነ ግን በጥቂት ሰዓታት ይቀልጣል። ስለዚህ ባዶ ቦታ አትተዉ። መብራት ሲጠፋ የቀኑን ያህል አንድ ጊዜ አውጥታችሁ በካርቶን ውስጥ በጭድ ወይም በጋቢ ሸፍኑት፤ በየሰዓቱ በሩን መክፈት ነው የሚያቀልጠው።

ከበረዶ ቤት በቀጥታ የወጣ ሃይላንድ ከዜሮ በታች ነው፤ 15 እና 18 ዲግሪ ድረስ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ቆዳ ላይ ቢጣል ያቃጥላል። ክትባት የምንሠራ ሁሉ የምናውቀው ዘዴ እዚህም ይሠራል፦ የክትባት ሳጥን ውስጥ የሚገባው አይስ ፓክ ክትባቱን እንዳያረጋው መጀመሪያ ውጭ ይቆያል፣ ሲነቀነቅ ውሃው ውስጡ ሲላወስ ከተሰማ ዜሮ ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። ሃይላንዱንም እንዲሁ አድርጊ፤ አውጥተሽ አስቀምጪ፣ ነቅንቂ፣ ውሃ ሲሰማ ያን ጊዜ በጨርቅ ጠቅልይ። ከፋርማሲ የሚገዛው ጄል ያለበትም አንድ ነው፣ እንዲያውም ጄሉ ሳይረጋ ለስላሳ ሆኖ ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዝ ሰውን ያታልላል። (የክትባቱን አይስ ፓክ ግን ከጤና ኬላ አትዋሱ። የሕፃናት ነው።)

ጨው ጨምሩበት የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። በረዶ ላይ ጨው ሲጨመር ቶሎ ይቀልጥና ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያቆስላል። አልኮልም ከዜሮ በታች ያወርደዋል። አንድ እጅ አልኮል ሁለት እጅ ውሃ ቀላቅለው በፌስታል የሚያረጉ አሉ፣ እንደ ገንፎ ለስላሳ ሆኖ ይይዛል፣ ይመቻል፤ ግን ከዜሮ በታች ስለሆነ ሁለት እጥፍ ጨርቅና 10 ደቂቃ ብቻ።

ጤፍ ወይም ስንዴ በከረጢት አርግቶ መጠቀም ብዙም አይጠቅም፤ ደረቅ እህል ቅዝቃዜ አይዝም። ሲቀልጥ ሙቀትን የሚጠጣው ውሃው ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ቀዝቃዛ ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። እህል ካማራችሁ ሌሊቱን የተነከረ አተር ወይም ሽንብራ አንጠፍጥፋችሁ አርጉት፤ እሱ ይሻላል፣ ከጉልበትም ጋር ይስማማል።

ጭራሽ በረዶ በሌለበት ቀን፣ የእንስራ ውሃ። ጨርቅ ነክሮ ጨምቆ ጭኑና ጉልበቱ ላይ፤ ከፋሻው አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። ጨርቁ በሰውነቱ ሙቀት ቶሎ ስለሚሞቅ በየ2 እና 3 ደቂቃው መቀየር አለበት። በበጋ ደረቅ አየር ላይ ይህ በደንብ ያበርዳል፣ በሐምሌና ነሐሴ ግን እርጥበቱ ስለማይተን ብዙ አይሠራም። ያኔ ደግሞ ከሰማይ የወረደውን በረዶ መሰብሰብ ይቻላል፤ በንጹሕ ፌስታል ይቋጠር እንጂ ቁስል አይንካ።

ጣና_አሠልጣኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በረዶ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው። እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ በ2014 በረዶ መዳንን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ሐሳቡን ቀይሯል። ለጅማትና ለጡንቻ ጉዳት በ2019 የወጣው አዲሱ መመሪያ ውስጥም በረዶ የለበትም። ከጉዳት በኋላ የሚመጣው እብጠት ሰውነት ራሱን የሚጠግንበት መንገድ ነው፤ ለምን እናቆመዋለን?

ፊዚዮ_ማርቆስ

ያልከው ታሪክ ልክ ነው፣ ሙግቱም ከባድ ነው። ግን ሙግቱ የሚያነሳው በረዶ መዳንን ያፋጥናል ወይ የሚለውን ነው። አያፋጥንም። እኔም ያፋጥናል አላልኩም። ለሕመም ማስታገሻነቱ ግን የሚያከራክር አይደለም፤ ቅዝቃዜ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይደነዝዛል። ገጠር ያለ ሰው እጁ ላይ ካለው ፓራሲታሞል ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም፤ ሌሊቱን በሕመም ሲያቃስት ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጣቱን እንኳ ለማንቀሳቀስ ፈቃደኛ አይሆንም። ስለዚህ አጭር፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ለሕመም። ሳምንታት ሙሉ ጠዋት ማታ በረዶ መለጠፍ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ አያስፈልግም።

ሜዳ ላይ ለምትሠራቸው ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ በረዶ ከተደረገ በኋላ ወዲያው ወደ ጨዋታ አትመልሳቸው። የደነዘዘ ቁርጭምጭሚት አረጋገጡን ስለማያውቅ ዳግም ይጠመዘዛል። 20 ደቂቃ ይጠብቅ። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም በሁለቱም ወገን ያሉትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ስትጫናቸው ካመመው ደግሞ በረዶ ላይ ጊዜ አታጥፋ፣ ራጅ ይነሳ።

የደምበጫዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከመርገጫው በላይ በኩልና ወደ ትንሿ ጣት አካባቢ ስንነካው አይሰማኝም ይላል። ወገቡ ላይ በተወጋው ማደንዘዣ ነው ብለን ትተነው ነበር። በረዶውን እንቀጥል?

አጥንት_ሐኪም

በረዶውን አሁን አቁሙና ይህን አንብቡ።

የወገብ ማደንዘዣ በሰዓታት ውስጥ የሚለቅ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ ቀናት ካለፉ ምክንያቱ እሱ አይደለም። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቀላሉ ነው፦ በቁርጭምጭሚቱ ውጭ በኩል ሲቀደድ በዚያ የሚያልፉት የቆዳ ነርቮች ተነክተው ወይም በእብጠቱ ተጨንቀው ይደነዝዛሉ፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፣ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ንገሩት። ሁለተኛው ግን የሚያስቸኩል ነው፦ ፋሻው ጠብቆ ወይም በባቱ ጡንቻዎች ውስጥ ግፊት ተጠራቅሞ ነርቭና ደም ሥር ሲታነቅ። ይህ በሰዓታት ውስጥ እግር ያሳጣል።

ለይቶ ማወቂያው ይኸው። የጣቱን ጥፍር ተጭነሽ ልቀቂው፤ ነጭ የሆነው በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። የእኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ መቅላትና መንጣት በቆዳው ላይ ቶሎ አይታይም፤ ጥፍሩ ነው የሚነግርሽ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ላይና ወደ ታች እጠፊያቸው። ቁስሉ ላይ የሚያመው ሕመም ይጠበቃል፤ ጣቱ ሲነካ ባቱ ውስጥ ሊቋቋመው የማይችል ሕመም ከተሰማው፣ ሕመሙም መድኃኒት ወስዶ በየሰዓቱ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ጣቶቹን ራሱ ማንቀሳቀስ ካቃተው ወይም ከሌላው እግር ይልቅ ከቀዘቀዙ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። በዚያ ጊዜ በረዶ አታድርጉ፤ እግሩንም ከፍ አታድርጉ፣ ከልቡ እኩል ይሁን፤ ከፍ ሲደረግ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሲሄድ መንገዱ ሩቅ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ ባለሙያ ፋሻውን ከላይ እስከ ታች እስከ ጥጡ ድረስ በመቀስ ይክፈተው፤ ጀሶው ከሥሩ እንዳለ ይቀመጣል።

ሌሎቹን ምልክቶችም ያዙ። ባቱ ሲያብጥና ሲጠጥር፣ ሲሞቅ፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ በበረዶ የሚጠበቅ አይደለም፣ አታሹት። የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ወይም ኪኒን ከታዘዘለት አያቋርጥ። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ፋሻው በመግል ወይም በሚሸት ፈሳሽ ከራሰ፣ ቁስሉ ተመርቅዞ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ከሌለና ድንዛዜው ባለበት ከቆመ በረዶውን ከጉልበቱ ኋላ መቀጠል ይችላል፤ በቅድሚያ ግን እዚያ ላይ በጥጥ ዳብሱት፣ ስሜቱ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። የማይሰማ ቆዳ ላይ በረዶ አይደረግም። ሰው የሚድነው «አቃጠለኝ» ብሎ ስለሚጮህ ነው፤ የማይሰማው ሰው ዝም ብሎ ቆዳው ይሞታል። ለዚህ ነው ስኳር እግሩን ያደነዘዘው፣ የሥጋ ደዌ ያለበት፣ የደም ሥሩ የጠበበ ሰው፣ ቅዝቃዜ ሲነካው ጣቶቹ የሚነጡ ወይም ሰውነቱ የሚንደበደብ ሁሉ በረዶ የሚከለከለው። በእኛ በምሥራቅ ጎጃም እግር ማበጥ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የበዛበት አካባቢ ስለሆነ ይህንንም ልብ በሉ፤ የተሰነጠቀና የቆሰለ ቆዳ ላይ በረዶ አይወጣም፣ ከፍ ማድረግ ግን ለእሱም ይጠቅማል።

በበረዶ የተጎዳ ቆዳ ሰም የመሰለ፣ ግራጫና ጠጣር ይሆናል። እንዲህ ካያችሁ አንሱት፤ አታሹት፣ እሳት ላይም አታሙቁት፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉና ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወደ ጤና ጣቢያ።

የደምበጫዋ (ጠያቂ)

ጥፍሩ ወዲያው ይመለሳል፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ባቱ ውስጥም ሕመም የለውም። እፎይ አልን። የእናታችንን ነገርስ ምን ልበላት?

የቢቸናዋ_ነርስ

እማማ የሚሉት ከንቱ አይደለም፤ ሰው ሲበርደው ሰውነቱ ይኮማተራል፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ ሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ የእሳቸውን ፍላጎት አሟሉላቸው። ጋቢ ይልበስ፣ ሌላኛው እግሩ ካልሲ ይኑረው፣ ትኩስ አጥሚት ወይም ሻይ ይዞ ይቀመጥ፤ የሚቀዘቅዘው አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት፣ ያውም ለ15 ደቂቃ። ሰዓቱን እሳቸው ይያዙ። «እማማ፣ ሲሞላ አንቺ አንሺው» በያቸው፤ ኃላፊነቱ የእሳቸው ሲሆን ይቀበሉታል። ቁርጥማት ከዚህ አይመጣም፤ ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ ትንሽ ይበርድና ሲነሳ ራሱ ይሞቃል።

የወጌሻውን ነገር ግን በፍጹም። ወጌሻው እጃቸው የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው ግን በብሎን የተያዘ አጥንት ነው፣ ሲታሽና ሲጎተት ብሎኑ ይላላል፣ ባቱ ውስጥ የረጋ ደም ካለም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የቀርከሃ ስንጥር በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ ጣቶቹ የጠቆሩ ልጆች በየሆስፒታሉ እግራቸው ይቆረጣል። ጀሶው ተፈትቶ አጥንቱ መያዙ በራጅ ከታየ በኋላ ቅቤውም ማሸቱም ሐኪሙን ጠይቃችሁ ይታያል። የሞቀ ጨው ውሃም እንዲሁ፤ ክሩ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም እግሩ ውሃ ውስጥ አይገባም።

ፊዚዮ_ማርቆስ

ክር ለማስወጣት ወደ ማርቆስ ስትመጡ አስቡበት። ሚኒባስ ውስጥ እግሩ ተንጠልጥሎ ከቆየ እንደገና ያብጣል፣ ያበጠ ቆዳ ላይ ክር መንቀል ደግሞ ቁስሉን ሊከፍተው ይችላል። የኋለኛውን ወንበር ሙሉውን ያዙለት፣ በጀርባው ተደግፎ እግሩን በወንበሩ ላይ ይዘርጋ፣ ከሥሩ ጋቢ። የረጋ ሃይላንድ በጭድ ጠቅልላችሁ በካርቶን ያዙ፤ አማኑኤል ስትደርሱ ነቅንቁት፣ ውሃው ከተላወሰ ከጉልበቱ ኋላ 15 ደቂቃ። መንገድ ላይ በየጊዜው ጣቶቹን ደጋግሞ ያንቀሳቅስ።